«አይመለከተንም» ለተባልንበት ጉዳይ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የዕድል ጨዋታ ፈቃድ ለምትሰጡና ለምትቆጣጠሩ የሥራ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ለምትሰጡ ድርጅቶች
ጉዳዩ፦ ስልካችን ላይ ስለሚጫወቱብን የውሸት ጨዋታዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኛ ሐዋሳ ከአቶቴ ፒያሳ የምንሠራ የባጃጅ ሹፌሮች ነን። እቁብ ነበረን። 28 ሰው፣ በቀን 200 ብር፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ቅዳሜ ማታ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው 33,600 ብር ይዞ ይሄዳል። በዚያ ብር ጎማ የቀየረ አለ፣ ሞተር ያሳደሰ አለ፣ የቤት ኪራይ ዕዳ የዘጋ አለ። ዘንድሮ እቁቡ ዘጠነኛው ዕጣ ላይ ቆመ። ያስቆመው ሕመም ወይም ሞት አይደለም። ስልክ ላይ የምትበር አንዲት ትንሽ ቀይ አውሮፕላን ናት።

«ማን ቁማር ተጫወቱ አላችሁ?» እንደምትሉን እናውቃለን። ሚስቶቻችን ብለውናል፣ የነፍስ አባቶቻችንም ብለውናል። እኔ ራሴ 1,800 ብር ተበልቻለሁ፣ ስለዚህ ንጹሕ ነኝ ብዬ አልጽፍም። ግን ቤቲንግ ቤት በየመንገዱ ተከፍቶ፣ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ግብር እየተከፈለበት ባለበት አገር «ለምን ተጫወታችሁ» የሚለው ጥያቄ ለእኛ ብቻ መቅረቡ ይገርማል። ደግሞ እኛ የተጫወትነው ቁማር እንኳ አልነበረም። ቁማር ቢያንስ ዕድል አለው።

ደብዳቤውን ያስጻፈን ይሄ ነው። ባለፈው ወር ሦስት ሆነን፣ እኔ፣ የእቁቡ ዳኛና ብሩን የተበላው ልጅ፣ ወደ አንድ ቢሮ ሄድን። ስሙን አልጠራም፣ ችግሩ የአንድ ቢሮ አይደለምና። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ደርሰን 5 ሰዓት ላይ ገባን። ሠራተኛዋ ትሑት ናት፣ አልተቆጣችንም። ስልኩን ተቀብላ ወደ ላይ ወደ ታች አለችውና መለሰችልን። «ይሄ እኛ ፈቃድ የሰጠነው አይደለም፤ ስለዚህ እኛን አይመለከትም» አለች። «ታዲያ ማንን ነው የሚመለከተው?» አልናት። ፖሊስ ጋ ሂዱ አለችን። ፖሊስ ጣቢያ «የድርጅቱ አድራሻ የት ነው?» ተባልን። ዳኛችን «ስልክ ውስጥ» ሲላቸው ሳቁ። እኛም ሳቅን፣ ምን እናድርግ። ብሩ ወደ ተላለፈበት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ስንደውል ደግሞ «ክፍያው የተፈጸመው በራስዎ የሚስጥር ቁጥር ነው» ተባልን። እውነት ነው። በራሱ የሚስጥር ቁጥር ነው።

ሦስት በር አንኳክተን ሦስቱም በየራሳቸው ትክክል የሆነ መልስ ሰጡን፣ እኛ ግን መንገድ ላይ ቀረን። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። አንድ ሰው ጓሮው በሬ አርዶ፣ የቄራ ማህተም የሌለው ሥጋ ሰቅሎ ቢሸጥ፣ «እኛ ማህተም አላደረግንበትምና አይመለከተንም» የሚል ተቆጣጣሪ አለ? ማህተም የሌለው መሆኑ አይደለም ወይ ተቆጣጣሪውን የሚያስነሳው? የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። «ፈቃድ የለውም» ስትሉን ሥራችሁ ያለቀ መሰላችሁ። ለእኛ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ይህን ጨዋታ ተጫውታችሁ የምታውቁ አይመስለኝም (የምታውቁ ካላችሁም ለሚስቶቻችሁ አንናገርም)።

አቪዬተር የሚባለውን ጨዋታ የሠራው መነሻው ጆርጂያ የሆነ ስፕራይብ የሚባል ድርጅት ነው። በፈረንጆቹ 2019 ነው ያወጣው። አጨዋወቱ ቀላል ነው። አውሮፕላኗ ትነሳለች፣ ቁጥሩ 1.20፣ 1.75፣ 2.40 እያለ ይወጣል። ሳትጠፋብህ ካሽ አውት ካልክ የመደብከውን በቁጥሩ አባዝቶ ይሰጥሃል። ከዘገየህ ተበላህ። የሚያጓጓው ጣትህ ላይ ያለ ስለሚመስልህ ነው። እኛ ደግሞ ጊዜ አለን። ቤንዚን ወረፋ ላይ ሦስት አራት ሰዓት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ? ስልክህን ታወጣለህ። ከፊትህ ያለው ስልኩን አውጥቷል፣ ከኋላህ ያለውም።

ልጁ ሊንኩን ያገኘው ከቴሌግራም ቻናል ነው። የድረ ገጹ አድራሻ ከአንድ የታወቀ ቤቲንግ ቤት አድራሻ የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ቀለሙ ያው፣ አርማው ያው፣ አውሮፕላኗም ያችው። መጀመሪያ 50 ብር አስገባ። 180 ሆነለት። 180ውን ዊዝድሮው አደረገ፣ በሁለት ደቂቃ ስልኩ ላይ ገባለት። ለሁላችንም አሳየን። የገደለው ይህ 180 ብር ነው። አሞራ ገደል ያሉት ዓሣ አስጋሪዎች መንጠቆ ላይ ትል የሚሰኩት ለዓሣው አዝነው አይደለም።

ቅዳሜ እቁብ ደረሰው። እሑድና ሰኞ ማታ 8,800 ብር አስገባ። እየበላ እየተበላ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ 64,000 ብር አሳየው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደወለልኝ፣ እያለቀሰ ነበር፣ በደስታ ነው። ብሩን ላውጣ ሲል «መጀመሪያ 15 በመቶ የመንግሥት ግብር ይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ መጣለት። የ64,000 ብር 15 በመቶ 9,600 ነው። ከፈለ። ቀጥሎ «የአካውንት ማረጋገጫ» ብለው 3,000 ጠየቁት። ከፈለ። ከዚያ ብሎክ አደረጉት። ድምር 21,400 ብር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሲወጣ ከ1,000 ብር ጀምሮ ባለ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ግን ሽልማቱን የሚከፍለው ነው እንጂ አሸናፊው ከኪሱ አውጥቶ አስቀድሞ አይልክም። እኔ ይህን ያወቅሁት ብሩ ከሄደ በኋላ ነው። ሌቦቹ አዋጁን ያውቁታል፣ እኛ አናውቀውም። 15 በመቶ የሚለውን ቁጥር ከራሳቸው አላመጡትም፣ ከሕጉ ነው የወሰዱት። ልጁም ያመነው ለዚህ ነው፣ «መንግሥት ካለበት ውሸት አይሆንም» ብሎ። ግብሩን የተቀበለው ቁጥር የአንድ ግለሰብ ስም ነበረበት። ስሙን ሲያይ «የሒሳብ ሠራተኛቸው ይሆናል» አለ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እቁብ የገባ ሰው ሁሉ ይገምተዋል። ልጁ በቀን 200 ብሩን መጣል አቃተው። «እቁብ በላ» ተባለ። ዋሱ አብሮን የሚሠራ የአራት ልጆች አባት ነው፣ ሦስት ሳምንት ስለ እሱ ከፈለ፣ 3,600 ብር፣ ከዚያ እሱም አልቻለም። ይህን ያዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች «ሳይደርሰን እንዳይፈርስ» ብለው መጣል አቆሙ። በዚያው ፈረሰ። ልጁ አሁን ሻሸመኔ ሄዷል ይላሉ። ባለንብረቱ ባጃጁን ለሌላ ሰጥቶታል። ጨዋታ ነክቶት የማያውቀው ዋሱ ግን አሁንም እኛው ጋ ነው፣ ማታ እስከ 4 ሰዓት ይሠራል።

እኔ ውሸት መሆኑን ያመንኩት በሁለት ስልክ ነው። አንድ ቀን ወረፋ ላይ ሁለት ልጆች አንዱ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በዚያው ሊንክ ይጫወታሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ። የአንዱ አውሮፕላን 1.12 ላይ ጠፋች። የሌላው ግን 3.40 ደርሳ እየበረረች ነበር። እኩል ነው የጀመሩት። ዋናው ጨዋታ ላይ በአንድ ቤት የሚጫወት ሰው ሁሉ የሚያየው አንድ ዙር ነው፣ አውሮፕላኗ ስትጠፋ ለሁሉም ትጠፋለች። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ የራሱ አውሮፕላን ተሰጥቶታል። 1.12 ላይ የጠፋችበት ልጅ 200 ብር መድቦ ነበር። 3.40 የደረሰችለት 5 ብር ነበር የመደበው። ስልክ ተቀያየሩና ደገሙት። ባለ 200ው መልሶ ተበላ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማራል፣ እሱን ጠየቅሁት። ያስረዳኝን በእቁብ ቋንቋ ልንገራችሁ። እኛ ዕጣ ስናወጣ ወረቀቱ ሰው ፊት ይጠቀለላል፣ ቆብ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሕፃን ያወጣዋል። ከተጠቀለለ በኋላ ማንም አይነካውም። ዋናው አቪዬተርም በዚህ መንፈስ ነው የተሠራው። ከዙሩ በፊት የቤቱ ቁጥር በኮድ ታሽጎ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቀድመው የመደቡት ሦስት ተጫዋቾች ቁጥሮች ይጨመሩበታል፣ ተቀላቅለው ውጤቱን ይወስናሉ። ዙሩ ሲያልቅ ውጤቱን ነክተህ ማኅተሙ እንዳልተሰበረ ማረጋገጥ ትችላለህ። አረንጓዴ የጋሻ ምልክት አለችው። የእኛ የውሸቱ ላይም ጋሻዋ አለች። ስትነካት ግን ምንም አይከፈትም። ሥዕል ናት። የውሸቱ ወረቀቱን የሚጠቀልለው ማን ስንት እንደመደበ ካየ በኋላ ነው።

ሒሳቡም ይሄው ነው። ዋናው ጨዋታ ከሚመደበው 100 ብር በረጅም ጊዜ አማካይ 97ቱን ለተጫዋቾች ይመልሳል ተብሎ ነው የተሠራው። በ20 ብር መቶ ዙር ብትጫወት 2,000 ብር አዘዋውረህ በአማካይ 60 ብር ታጣለህ ማለት ነው። ይሄም ኪሳራ ነው፣ ሀብታም የሚሆነው ቤቱ ነው፣ እሱን አንክድም። የውሸቱ ላይ ግን 97 የሚባል ነገር የለም። ባለቤቱ 60 ይበል 20 ይበል በራሱ ፈቃድ ነው፣ ማንም አይፈትሸውም። ሌላ ሰው የሠራውን ጨዋታ መልኩን ገልብጦ ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያስኬደው። ይህ ዘዴ በሌላው ዓለም ከዚህ በፊት በስሎት (ሥዕል በሚያሽከረክሩ የቁማር ማሽን) ጨዋታዎች ላይ ሲሠራበት የኖረ ነው አለኝ የእህቴ ልጅ። እኛ ጋ አሁን ደረሰ።

አውሮፕላኗ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። ተራችን ላይ ቡና የምታፈላልን እህት አለች። እሷ አውሮፕላን አትወድም፣ ቴሌግራም ላይ ያለውን የቢንጎ ቦት (በራሱ ቁጥር እየጠራ የሚያጫውት ፕሮግራም) ነው የምትጫወተው፣ ካርዱ 10 ብር። ጠንቃቃ ሰው ናት። የተጠራውን ቁጥር ሁሉ የቡና ዱቤ በምትመዘግብበት ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንድ ቀን ቦቱ «ቢንጎ!» ብሎ የአሸናፊውን ካርድ አሳየ። ካርዱ ላይ 52 ተሰርዟል። የእሷ ደብተር ላይ 52 የለም። አልተጠራም። ለአድሚኑ ጻፈችለት፣ መልእክቱን አጠፋው፣ ቀጥሎ እሷን አስወጣት። ከዚያ በኋላ ስታስበው፣ በየዙሩ 80 ሰው፣ 90 ሰው ተጫወተ ይላል፣ እሷ ግን አሸነፈ ከተባለ ሰው ጋር በአካል ተገናኝታ አታውቅም። ሌሎቹ ተጫዋቾች ባዶ ስም ከሆኑ በእውነት ብር ከፍሎ ካርድ የያዘ አሥር ሰው ይኖር ይሆን? ደብተሩ አለ፣ እጃችን ላይ ነው፣ የቡና ዱቤያችንም አብሮ አለበት።

ስለ ሲግናል ሻጮቹ ብዙ አልልም። አውሮፕላኗ መቼ እንደምትጠፋ ቀድሞ የሚነግር አፕ በ500 ብር ይሸጣሉ። ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ለእኛ በ500 ብር ይሸጥልናል ወይ፣ ራሱ አይጫወትም ወይ? ገዝተን ነው ይህን ያሰብነው። አብዛኞቹ አፑን ከሸጡልህ በኋላ «የሚሠራው በዚህ ሊንክ ብቻ ነው» ብለው ወደዚያው ወደ ውሸቱ ቤት ይመልሱሃል።

ዕድሜም አለ። ፈቃድ ያለው ቤት በሩ ላይ «ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው» ብሎ ይለጥፋል፣ ቢጠብቀውም ባይጠብቀውም። ቦቱ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። ሊስትሮዎቹ ልጆች ሲጫወቱ በዓይናችን አይተናል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። ቁማር ይዘጋ ብለን አልመጣንም፣ በዚያ ላይ እኛ መሃልም አንስማማም። ዳኛችን ሁሉም ይዘጋ ይላል፣ ወጣቶቹ ደግሞ ፈቃድ ያለው ለምን ይዘጋል ይላሉ። ሁላችንም የተስማማንባቸው እነዚህ ናቸው።

ፈቃድ የሰጣችኋቸውን ቤቶች ዝርዝር ከትክክለኛ የድረ ገጽ አድራሻቸው ጋር ስልካችን ላይ እንድናገኘው አድርጉ። እኛ ተራ ላይ «ዝርዝሩን ያየ አለ?» ብለን ጠይቀን አንድ ሰው እጁን አላወጣም። የእንግሊዝ የቁማር ተቆጣጣሪ የባለ ፈቃዶችን መዝገብ ማንም ገብቶ እንዲፈልግበት ክፍት አድርጎታል። የማልታው ደግሞ በስሙ የሚነግዱ የሐሰት ድረ ገጾችን አድራሻ እየዘረዘረ ያወጣል። እኛ ከዚያ ያነሰ ነው የምንለምነው። አጭር ቁጥር ላይ የቤቱን ስም በጽሑፍ መልእክት ስንልክ «አለ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ይምጣልን። በአማርኛ፣ በሲዳምኛም፣ በኦሮምኛም። ኢንተርኔት የሌለው ስልክ የያዙም አባሎች አሉን።

ፈቃድ ስለሌለው ጨዋታ አቤቱታ የሚቀበል አንድ ሰው መድቡ። አንድ ጠረጴዛ ይበቃል። አቤቱታችንን ተቀብሎ የመዝገብ ቁጥር ይስጠን፣ ወደ ፖሊስም ሆነ ወደ ገንዘብ አገልግሎቱ እናንተው በደብዳቤ ላኩልን። ፖሊስ «አድራሻ» ሲል የእናንተን ደብዳቤ እናሳየው።

ግልባጭ የተደረገላችሁ የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶች፣ ይሄ እናንተን ነው። በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ አካውንት ማታ ማታ ከመቶ ሰው የ50ና የ100 ብር ክፍያ ሲቀበል እናንተ ታዩታላችሁ፣ እኛ አናየውም። ባጃጅ ነጂ እንኳ በቀን ከመቶ ሰው አይቀበልም፣ እመኑኝ። እንዲህ ያለውን አካውንት ቢያንስ አቤቱታ በመጣ በዚያው ቀን ያዙት፣ ብሩ ወደ ሌላ ቁጥር ሳይሸሽ። እኛ ስንደውል ለጥያቄ 20 ደቂቃ ሙዚቃ ሰምተናል፣ በ20 ደቂቃ ብሩ የት እንደሚደርስ እናንተ ታውቃላችሁ።

ፈቃድ ያላቸው ቤቶችም የሚያጫውቱት ጨዋታ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደፈተሸው፣ ስንት በመቶ እንደሚመልስ በአማርኛ፣ በትልቁ ይጻፉ። አሁን ያለው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ከገጹ ግርጌ በጉንዳን ፊደል። ዋናው ራሱን ካላሳወቀ ውሸቱን በምን እንለየው?

በመጨረሻም በሬዲዮ አንድ ዓረፍተ ነገር አስነግሩልን፦ «ሽልማት ለማውጣት አስቀድማችሁ ግብር አትከፍሉም።» ያችን ብቻ። ያን ሰኞ ሌሊት ልጁ ይህን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ 9,600ው ይተርፍ ነበር፣ 3,000ውም እንዲሁ።

ማስረጃችን ዝግጁ ነው። የ11 ክፍያ መልእክቶች ስክሪንሹት፣ ብር የተቀበሉ የአራት ስልክ ቁጥሮች፣ የሁለቱ ስልኮች ቪዲዮ (ደግመው ሲጫወቱ ቀርጸናቸዋል) እና ያ የቡና ደብተር። የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መስኮት ላይ እንደምናስረክብ ብቻ ንገሩን። ሰኞ ጠዋት ቀላል ነው፣ ሰኞ ወረፋው አጭር ስለሆነ ተራ ሳንለቅ እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የእቁቡ ጸሐፊ
ከአቶቴ ፒያሳ የሚሠሩ የባጃጅ ሹፌሮችን በመወከል
ሐዋሳ